ለአሰብ የሚሻለው ወር

ስለ በርሃ አስተምራለሁ እንጂ በርሃ አይቼ አላውቅም። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር ነው፤ በአስተማሪነት ተመድቤ ወደ ሰቆጣ ስመጣም ተከዜን የተሻገርሁት በጠዋት ብርድ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው። ያም ሆኖ ሰቆጣ ውስጥ ስለ ሞቃት አገር ወሬ ከተነሣ ሁሉም ዞሮ ወደ እኔ ያያል። የጂኦግራፊ መምህር ነኛ! የዓለምን ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ቢጫ የተቀባውን ቦታ በአርጩሜ እየጠቆምሁ፣ «እዚህ ዝናብ የለም፤ ቀኑ እሳት፣ ሌሊቱ ብርድ ነው» ስል ልጆቹ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግሙታል። አዋቂ መባል ይጥማል። እኔም ይጥመኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ስላደረግሁት ነገር ነው። ሰባት ዓመት አልፎታል። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ፣ የሰጡኝን ቀኖና ጨርሻለሁ። ቀኖና ግን ከእግዜር ያስታርቅ እንደሆን እንጂ ከሰው አያስታርቅም፤ ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ።

በዚያ ዓመት መስከረም ማለቂያ ላይ ባለቤቴ ጥሩሐረግ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሞቶብናል። ምጥ ሁለት ቀን ሙሉ ያዛትና ልጁ በእግሩ መጥቶ፣ ሞቶ ተወለደ፤ እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። ያን ጊዜ እማማ ወለተ ሰንበት ከተማው ውስጥ አልነበሩም፤ ለልቅሶ ጋዝጊብላ ሄደው ነበር። ወለተ ሰንበት አዋላጅ ናቸው። ሌሎች አዋላጆችም ነበሩ፤ ተጋድሞ ወይም በእግሩ የሚመጣን ልጅ በእጃቸው አዙረው የሚያወጡ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ከልቅሶው ሲመለሱ ልጃችን ተቀብሮ ደረሱ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ «እኔ ብኖር ይህ አይሆንም ነበር» አሉ። ሊያጽናኑን ነው ያሉት። እኔ ግን ያቺን ቃል እንደ መርፌ ዋጥኋት።

ስለዚህ ጥሩሐረግ ዳግመኛ ስታረግዝ ወለተ ሰንበትን ዓይኔ አልለቀቃቸውም። በየቅዳሜው ይመጣሉ፤ ሆዷን በኑግ ዘይት ያሻሉ፤ «ይኼም እንደ ወንድሙ አልቀናም፤ ተጋድሟል» ይላሉ፤ ፊቴ ሲጠቁር አይተው ደግሞ፣ «አይዞህ ልጄ፣ እኔ አለሁ» ይሉኛል።

እኚህ ሴት ባላቸው የሞተባቸው፣ ከአንድ ልጅ በቀር የሌላቸው ናቸው። ልጃቸው ማንደፍሮ ከሄደ አራት ዓመቱ ነበር። አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዳል። እናትየው ሌላ ምኞት አልነበራቸውም፤ «የሚተኛበትን ባየሁለት፣ የሚበላውን ባየሁለት» ይላሉ። ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝም አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አንተ ልጄ፣ ያ አገር መቼ ነው የሚበርደው? በየትኛው ወር ብሄድ ነው ሳልቃጠል የምደርስ?»

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ነፋስና ስለ ፀሐይ እተነትናለሁ። ከትንታኔዬ ግን የወር ስም አይወጣም፤ አላውቀውማ።

መስከረም ሃያ ስምንት ቀን ወለተ ሰንበት ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ቤቴ ገቡ። ከኮረም የመጣ መንገደኛ ነው ያደረሳቸው። ፊደል አይቆጥሩም፤ አፋቸውን የፈቱትም በዋጉ ቋንቋ በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛው ሲቸኩሉ ይሰናከልባቸዋል። «አንብብ፣ አንብብ!» አሉኝ ቆመው። ጥሩሐረግ መደቡ ላይ ጋደም ብላ ነበር፤ ቀና አለች።

ጽሕፈቱ የማንደፍሮ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው። ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ።

«ይድረስ ለውድ እናቴ። እንደምን ሰንብተሻል? ልምጣ ብለሽ በነጋዴ የላክሽልኝ መልእክት ደርሶኛል። አሰብ ለመምጣት የሚሻለው ወር ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ያን ጊዜ ከባሕሩ ነፋስ ይመጣል፤ ሰዉም ደጅ ይቀመጣል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ግን ድንጋዩ እግር ያቃጥላል፤ ብረት በእጅ አይያዝም።»

እዚህ ላይ ዓይኔ ከአፌ ቀደመ። ቀጥሎ ያለው እንዲህ ይላል፦ «እማ፣ ይህን የጻፍሁት አገሩን እንድታውቂው ብዬ ነው እንጂ አትቆዪ። ከነሐሴ ጀምሮ ታምሜያለሁ። ሳስል ደም ይወጣኛል። ሙቀቱን አትፍሪ። ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ተነሺ።» ከዚያ በታች ሌላም መስመር ነበር፤ እሱን አላየሁትም። ማየት አልፈለግሁም።

ቀና ስል ጥሩሐረግ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትሰማኛለች። እኔ በአንድ ጊዜ ያሰብሁት ይህን ብቻ ነው፦ እኚህ ሴት ዛሬ ከሄዱ ሚስቴ ትሞታለች። ስለ ማንደፍሮ አላሰብሁም አልልም። ጎረምሳ ነው፣ ጉንፋን ይሆናል፣ ሰው በርሃ ሲኖር ያስለዋል ብያለሁ። ደም የሚለውን ቃል በዓይኔ አይቼ ጉንፋን አልሁት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

«ምነው ዝም አልህ?» አሉኝ።

«አለቀ። ‹ለጎረቤት ሁሉ ሰላም በይልኝ› ነው የሚለው።»

እልልታቸው ቤቱን ሞላው። «ልጄ ጠራኝ! ኅዳር አለ?»

«ኅዳርማ ገና መግቢያው ነው፤ ሙቀቱ አይወጣለትም። ታኅሣሥ ይሻልዎታል እማማ» አልሁ። ልጁ ኅዳር አለ፤ እኔ ታኅሣሥ አደረግሁት። ደብዳቤውንም፣ «አድራሻው እንዳይጠፋ እኔ ጋ ይቀመጥ» ብዬ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍሁበት። ወረቀቱ እሳቸው ዘንድ ቢቆይ ለአንድ ቄስ ያስነብቡታላ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እንኳ ደንግጬ ነው እል ነበር። ግን በጥቅምት መጀመሪያ በገበያ ቀን መንገድ ላይ ያዙኝ። «ልቤ ሂጂ ሂጂ ይለኛል» አሉ። «ሙቀቱን ችዬ አሁን ብነሣስ? ለጥሩሐረግ የእኅቴን ልጅ እተውላታለሁ፤ ሥራውን ትሞክራለች።»

ትሞክራለች! እጃቸውን ይዤ በቀጥታ ወደ ደጅይጥኑ ወሰድኋቸው። ደጅይጥኑ በየዓመቱ አፋር በርሃ ወርዶ ጨው የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ ሐሰት የማይናገር ሰው በመሆኑ የታወቀ ነው። ለዚህም ነው የመረጥሁት።

«እማማ በጥቅምት ወደ በርሃ ልውረድ ይላሉ፤ እስኪ ንገራቸው» አልሁት።

ሳቀ። «በጥቅምት? እርስዎ ደግሞ! እኛ እዚህ ክረምት ሲሆን በረደ እንላለን እንጂ፣ እዚህ ዝናብ ሲወርድ እዚያ እሳት ነው የሚወርደው። ድንጋዩ የክረምቱን እሳት ገና አልተፋም። እኛ ከኅዳር ሚካኤል በፊት አህያ እንኳ አንነዳም። እንዲህ ያለ ሙቀት የርስዎን ዕድሜ ይዞ ይሄዳል። ይታገሡ።»

ወለተ ሰንበት ተነፈሱ። «እንግዲህ ልጄም ያለው ይህንኑ አይደል» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ደጅይጥኑ እውነቱን ነው የተናገረው። ልጁም የጻፈው እውነት ነው። በሁለት ሰው እውነት አንድ ውሸት ገነባሁ፤ ከታኅሣሥና ከዚያች ሰላምታ በቀር አንድ ድንጋይ እንኳ ከራሴ አልጨመርሁበትም። ለክፋት ሲሆን እንዴት ብልህ ነበርሁ!

ኅዳር ሃያ አራት ቀን ጥሩሐረግን ምጥ ያዛት። ልጁ ወለተ ሰንበት እንዳሉት ተጋድሞ ነበር። ከንጋት እስከ ቀትር ታገሉ፤ እኔ ደጅ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ አንዴ ይቆጣሉ፣ አንዴ ማርያምን ይለምናሉ። ቀትር ላይ እልልታ ሦስት ጊዜ ተሰማ፤ ሴት ልጅ ናት። ገብቼ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ደም ነው፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ እናት ይስቃል።

«አየህ፣ ጥቅምት ላይ ሄጄ ቢሆን!» አሉኝ። «ማንደፍሮ ቆዪ ባይለኝ ይህች ልጅ አትገኝም ነበር። የሱ ሥራ ናት። መርቀው።»

«ዕድሜ ይስጠው» አልሁ። ማንደፍሮ ከሞተ ያን ቀን አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። አላወቅሁም፤ ባለማወቄ ግን ነፃ የምወጣበት ነገር የለም።

ታኅሣሥ አምስት ቀን ስንቃቸውን ይዘው ተነሡ። አድራሻውን በራሴ የእጅ ጽሕፈት በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሰጠኋቸው፤ ዋናው ደብዳቤ ሣጥኔ ውስጥ ቀረ። እስከ ኮረም ሦስት ቀን በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ፣ ከደሴ በባቲ በኩል ቁልቁል። ካርታ ላይ በጣቴ አብሬያቸው ወረድሁ። ሰላም አግኝቼ ነበር ብል ማን ያምነኛል? አግኝቼ ነበር። አሁን ይገናኛሉ፤ ትንሽ ዘገየ እንጂ ምን ጎደለ እያልሁ ልጄን አጫውት ነበር።

በጥምቀት ዋዜማ ተመለሱ። ጥቁር ለብሰው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው ነው የመጡት።

ከጥሩሐረግ ጋር ለልቅሶ ሄድን። ቤቱ ሞልቷል። እሳቸው መሬት ተቀምጠው ነገሩን ለሰዉ ይተርካሉ። አሰብ ያሉ የዋግ ልጆች ተቀብለው እግራቸውን አጥበው፣ አብልተው አሳደሯቸው። ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበው መርዶውን ነገሯቸው። ማንደፍሮ በሳምባ ሕመም ኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ነው የሞተው።

«ጓደኞቹ ‹ከነሐሴ ጀምሮ ታሞ ነበር› አሉኝ» ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አለ። «አያችሁ? ያን ደብዳቤ ሲጽፍልኝ ታሞ ነበር! ነበልባል ላይ ተኝቶ እኔ በሙቀት እንዳልጎዳ አሰበ። ‹አሁን ነይ› ቢል እንደምሄድ ያውቃል፤ እንዳልቃጠልበት ብሎ የሚበርደውን ወር መረጠልኝ። ሕመሙን ዋጠው። እንዲህ ያለ ልጅ የት አለ?»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ልጅ እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። ወሬው በሳምንት ውስጥ ሰቆጣን አዳረሰ፤ ኒሯቅ ገበያ ድረስ ተሻገረ። እናቶች ልጆቻቸውን ሲገሥጹ፣ «ማንደፍሮን አታይም?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። መስከረም ማለቂያ ላይ ቢነሡ ጥቅምት አሥር አሰብ ይገቡ ነበር። ከጥቅምት አሥር እስከ ኅዳር አሥራ ሦስት ሠላሳ ሦስት ቀን ነው። ሠላሳ ሦስት ቀን ሙሉ ግንባሩን በዳሰሱት፣ ውኃ ባጠጡት። ልጄን ስስም ይኸው ቁጥር ይመጣብኛል። ስትስቅ ይመጣብኛል።

አርባው በመንገድ ሳሉ ስላለፈ ተዝካሩ በሰማንያው እንዲሆን ተወሰነ። ጥር ማለቂያ ላይ ወለተ ሰንበት መጥተው ደብዳቤውን ጠየቁኝ። «ተዝካሩ ላይ አባ ገብረ አማኑኤል ለሕዝቡ ያነቡልኛል። የልጄን ቃል ሰው ሁሉ በጆሮው ይስማ።»

«እ... እፈልገዋለሁ» አልሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ሲወጡ የክፍሉን በር ዘግቼ ተቀመጥሁ። ሐሳቤ አዲስ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ወረቀቱ ተመሳሳይ ነው፤ የሰው ጽሕፈት መኮረጅም አያቅተኝም። የማንደፍሮን ደብዳቤ አጠገቤ ዘርግቼ ጀመርሁ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች እሺ አሉኝ። ወደ ታች ስወርድ ግን የሱ ፊደል ይንቀጠቀጣል፤ «ነ» ከመስመር ይወድቃል፤ «ሰ» እግሩን ያንፏቅቃል። ያንን ልኮርጅ ሞከርሁ። እንቢ አለኝ። አራት ወረቀት አበላሸሁ። የጤነኛ እጅ እንደ በሽተኛ እጅ መንቀጥቀጥ አይችልም። ከዚያ በመጨረሻ ያን ጊዜ ያላየሁትን የታችኛውን መስመር አነበብሁት። ወንበሬ ላይ ጎንበስ ብዬ ለብዙ ጊዜ አለቀስሁ፤ ያበላሸኋቸውን ወረቀቶችም ቀደድሁ።

በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። በራቸው ላይ ከካቡ አንድ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ ተሸከምሁ፤ በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ለተዝካሩ ጠላ ብቅል እያሰጡ ነበር። ጥሩሐረግ ልጃችንን አዝላ ታግዛቸዋለች። ሁለቱም ደነገጡ።

«ምን ሆነሃል?» አሉ ወለተ ሰንበት።

«በድያለሁ እማማ። ደብዳቤውን ሙሉውን አላነበብሁልዎትም።»

ትንሽ አዩኝና፣ «ድንጋዩን አውርድ» አሉ። «አንብብ።»

አነበብሁ። ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ቃል ሳላስቀር። ስጨርስ ብቅሉ መሃል ተቀምጠው ነበር።

«ያን ቀንም ይኸው ነበር የተጻፈው?»

«ይኸው ነበር።»

«አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

ጥሩሐረግ ልጃችንን ከጀርባዋ አውርዳ አቅፋት ነበር። «ለእኔ ብለህ ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ። ፈርቼ ነው አልሁ፤ እንደ ሕፃን።

ወለተ ሰንበት አልጮኹም። «ብትነግረኝ እሄድ ነበር» አሉ። «ይህችን ልጅ ጥያት እሄድ ነበር። ወይም፣ ወይኔ ጥሩሐረግ ብዬ እቀር ነበር። አላውቀውም። ይህን እንኳ ስለ ራሴ እንዳላውቅ አደረግኸኝ።» ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሉኝና ቀሚሳቸው ላይ አድርገው አጣጠፉት። «አባ ገብረ አማኑኤል እንዳለ ያንብቡት።»

«እማማ፣ ሰዉ የሚያወራው ያ ሁሉ የልጅዎ ደግነት...»

«ልጄ ባላለው ቃል ሲመሰገን አልወድም» አሉና ወደ ብቅሉ ዞሩ።

በሰማንያው ዕለት ልቅር ብዬ አሰብሁ። ኋላ ግን ሄድሁ፤ መቅረቱ ሁለተኛ ውሸት መሰለኝ። ዳሱ ሞልቶ ነበር። ሕዝቡ ከበላ በኋላ አባ ገብረ አማኑኤል ተነሡ። ሰዉ ያቺን የታወቀችውን ቃል ለመስማት ዝም አለ። «የሚሻለው ወር ከኅዳር እስከ የካቲት ነው» ሲሉ አሮጊቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባ ቀጠሉ፤ «እማ፣ ይህን የጻፍሁት...» ብለው ድምፃቸው ቆመ። ቀና ብለው ወለተ ሰንበትን አዩ። እሳቸው በእጃቸው ቀጥሉ አሉ። አነበቡት። ነሐሴን፣ ደሙን፣ «ሙቀቱን አትፍሪ፣ ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ተነሺ» የሚለውን። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞረ፤ ደብዳቤውን ማን እንዳነበበላቸው የማያውቅ ሰው ሰቆጣ ውስጥ አልነበረም። ደጅይጥኑ ግን ወደ መሬት ነበር የሚያየው፤ ያ ሰው ምንም ሳያጠፋ ሲያፍር ማየት ከሁሉ ይልቅ ጎዳኝ። አባ የመጨረሻውን መስመር በዝግታ አነበቡ፦ «ሰው ሁሉ አገሩ ነው የሚያቃጥልህ ይለኛል። አንቺ ስትደርሽ ይበርድልኛል፤ ነይ እናቴ።»

ወለተ ሰንበት ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዳሱ ወጣ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ኮረም መንገድ አዙረው፣ በኽምጣኛ ጮክ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። አጭር ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ፤ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልገባኝ እኔ ነኝ።

«ምን አሉ?» አልኋት ጥሩሐረግን በሹክሹክታ። የሰቆጣ ልጅ ናት፤ ቋንቋውን ታውቃለች።

«ላንተ አይደለም የተናገሩት» አለችኝ። «ለልጃቸው ነው። ‹አቤት፣ መጣሁ› ነው ያሉት።»

ከዚያ ልጃችንን አቅፋ ተነሣችና ሄዳ ወለተ ሰንበት አጠገብ ቆመች።